ነፍስህን የሚወድ ጠላት

ደራሲዋ ታሪካዊ የጀብድ ልብ ወለድ እየጻፈች ነው። ባለታሪኩ አፄ ልብነ ድንግል ወደ ፖርቱጋል የላኩት ካህን ጸጋ ዘአብ ሲሆን፣ ባላጋራው የሃይማኖት መርማሪ ነው። አርታዒው ረቂቁን አንብቦ ጨርሷል። በምልልሳቸው የሚነሡት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አርታዒው፦ የባሕሩ ጉዞ፣ የሊዝበን ወደብ፣ ጸጋ ዘአብ ከነመስቀሉ ሲወርድ ልጆች ተከትለውት ሲሮጡ፣ ይህን ሁሉ ወድጄዋለሁ፤ አንድ ቃል አልነካም። መርማሪሽ ጋ ስደርስ ግን ቆምኩ። ጥቁር ካባ፣ የሰረጎደ ጉንጭ፣ ሰው ሲሰቃይ የሚደሰት ዓይን። ይህን ሰው ከሌሎች መጻሕፍት ነው ያመጣሽው።

ደራሲዋ፦ ሆን ብዬ ነው ጋሼ። የጀብድ ልብ ወለድ መሮጥ አለበት። ባላጋራው በር ከፍቶ ሲገባ አንባቢ ወዲያው አውቆ ሊጠላው ይገባል። ሰይፍ በሚመዘዝበት ገጽ ላይ የመርማሪውን ልብ ልተንትን ብዬ ብቆም ታሪኩ ይሞትብኛል። ካባውም ቢሆን ፈጠራ አይደለም፤ ዶሚኒካውያን መነኮሳት በነጭ ቀሚስ ላይ ጥቁር ካባ ይደርቡ ነበር።

አርታዒው፦ ካባውን ይልበስ። የሚያሳስበኝ ደስታው ነው። በሰው ስቃይ የሚደሰት ሰው በሽተኛ ነው፤ በሽተኛ ደግሞ በየአገሩና በየሥራው ይገኛል። እሱ ሲሞት ነገሩ አብሮት ይቀበራል። መርማሪው የሚያስፈራኝ ጤነኛ በመሆኑ ነው። ጸሎቱን አድርሶ፣ ጾሙን ጾሞ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ፣ ፊቱ የቆመውን ሰው ነፍስ ከገሃነም ላወጣ ነው ብሎ ከልቡ ያምናል። አንቺ የጻፍሽው ሰው ይህን እምነት የለውም። እምነቱን ስታወጪበት ኃይሉንም አብረሽ አወጣሽበት።

ደራሲዋ፦ ታዲያ ይህ ሁሉ ደራሲ ለምን እንደዚያ ሣለው?

አርታዒው፦ ሥዕሉ የጦርነት ልጅ ስለሆነ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝና የሆላንድ ፕሮቴስታንቶች ከስፔን ጋር ሲፋለሙ ማተሚያ ቤቱም አብሮ ዘመተ። ጆን ፎክስ በ1563 የሰማዕታቱን መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አወጣ። በ1567 ሃይደልበርግ ላይ፣ ሞንታኑስ በሚል የብዕር ስም፣ የስፔንን ኢንኩዊዚሲዮን፣ ማለትም የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንን የሃይማኖት ፍርድ ቤት፣ ምሥጢር የሚያጋልጥ የላቲን መጽሐፍ ታተመ፤ ብዙም ሳይቆይ በየቋንቋው ተተረጎመ። ከዚያ ወዲህ ፊቱ አልተለወጠም። ቻርልስ ኪንግስሊ በ1855 «ዌስትዋርድ ሆ!» የተባለውን የባሕር ጀብድ ሲጽፍ ያገኘው ያንኑ ተዘጋጅቶ የጠበቀውን ሰው ነው። ስፔናዊው ኹሊያን ኹዴሪያስ በ1914 ይህን ሁሉ «ጥቁሩ አፈ ታሪክ» ብሎ የሚጠራ መጽሐፍ አሳተመ።

ደራሲዋ፦ እዚህ ላይ ያስፈሩኛል። ኢንኩዊዚሲዮንን ማጽዳት የሚፈልጉ ሰዎች ንግግራቸውን የሚጀምሩት ከዚሁ ነው። መጀመሪያ «ተጋንኗል» ይላሉ፤ ቀጥሎ «ያን ያህል አልከፋም» ይላሉ፤ መጨረሻ ላይ የተቃጠለው ሰው ራሱ ጥፋተኛ ሆኖ ያርፈዋል።

አርታዒው፦ እኔ አላጸዳውም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስቱስ አራተኛ የስፔኑን በ1478 ፈቀዱ፤ በ1480 ሴቪያ ላይ ሥራ ተጀመረ፤ ስፔን ውስጥ በመጨረሻ የሻረው ዓዋጅ የወጣው በ1834 ነው። ፖርቱጋል በ1536 የራሷን አቋቁማ እስከ 1821 አቆየችው፤ በ1560 ደግሞ ሕንድ አገር ጎዋ ድረስ ወሰደችው። የመጀመሪያዎቹ ሃምሳ ዓመታት፣ ከአይሁድነት በተጠመቁ ሰዎች ላይ የወረደው መዓት፣ ከሁሉ የከፋው ነበር። ከዚያ በኋላ ስላለው ዘመን ግን መዝገቡ ራሱ ይናገራል። ሄኒንግሰንና ኮንትሬራስ የተባሉ ተመራማሪዎች ከ1540 እስከ 1700 ወደ ማድሪድ ከተላኩት የጉዳይ ማጠቃለያዎች 44,674 ቆጥረዋል። ከእነዚህ ውስጥ በአካል ለእሳት የተሰጡት ከመቶ ሁለት አይሞሉም።

ደራሲዋ፦ ቁጥሩ ለማጽናናት ከሆነ አልተጽናናሁም። የቀሩት ዘጠና ስምንቱስ?

አርታዒው፦ ልብ ወለድሽ ያለው እነሱ ጋ ነው። ንብረታቸው ገና በተያዙ ዕለት ተዘግቶ ይመዘገባል፤ ልጆቻቸው ደጅ ይወድቃሉ። በአደባባይ ሳንቤኒቶ የሚባለውን የውርደት ልብስ ለብሰው ይቆማሉ። የመርከብ ቀዛፊ የሚሆኑ አሉ፤ የሚገረፉ፣ የሚሰደዱ አሉ። ሰውየው ሞቶ እንኳ ልብሱ ከነስሙ በደብሩ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይኖራል፤ ሲያረጅ በአዲስ ይተካል። የልጅ ልጁ ለማስቀደስ ሲገባ የአያቱን ስም እያየ ነው። ይህን ያደረገው ሰው ከንፈሩን እየላሰ አልነበረም። ደንቡን እየተከተለ ነበር።

ደራሲዋ፦ ይገባኛል፤ ነገር ግን ደንብ በመጽሐፍ ውስጥ አሰልቺ ነው። ጸሐፊ ወረቀት ሲገለብጥ እያሳየሁ አንባቢዬን ሌሊቱን ሙሉ ማስነበብ እንዴት እችላለሁ?

አርታዒው፦ ደንቡን ልንገርሽና አሰልቺ መሆኑን አንቺ ፍረጂ። ሰውየው ይያዛል። ለምን እንደተያዘ አይነገረውም። መርማሪው በለሰለሰ ድምፅ «ለምን እንደመጣህ ታውቃለህ?» ይለዋል። አላውቅም ካለ፣ «ሕሊናህን መርምር፣ በእግዚአብሔር ስም እመክርሃለሁ» ተብሎ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ይህ ምክር ሦስት ጊዜ ይሰጠዋል፤ በምክርና በምክር መካከል ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። ክሱ በኋላ ሲነበብለትም የከሳሹና የምስክሮቹ ስም ተቆርጦ ወጥቶ ነው። ቀኑ ይደበዝዛል፣ ቦታው ይደበዝዛል። ሊከላከል ከፈለገ ጠላቶቼ ናቸው የሚላቸውን ሰዎች ስም እንዲጽፍ ይፈቀድለታል፤ ከጻፋቸው ውስጥ ከሳሹ ካለበት ምስክርነቱ ይዳከምለታል። እንግዲህ አስቢው፦ አንድ ሰው በጨለማ ክፍል ተቀምጦ በሕይወቱ ያስቀየመውን ሰው ሁሉ እየቆጠረ ነው። ጎረቤቱን፣ አማቹን፣ የገዛ ሚስቱን።

ደራሲዋ፦ ሚስቱን ዘሎ ሲያልፋት... ከሳሿ እሷ ብትሆንስ?

አርታዒው፦ ይኸው፣ አሁን ጻፍሽው።

ደራሲዋ፦ የእኛ አገር አንባቢ ይህን ከማንም በላይ የሚረዳው ይመስለኛል። በድሮው ሥርዓታችን ከሳሽና ተከሳሽ በቁራኛ ታስረው አብረው ነበር የሚሄዱት፤ ልብስ ከልብስ ተቋጥሮ፣ ወይም በአንድ ሰንሰለት። ከሳሽህ ማን እንደሆነ እጅህ ላይ ያለው ብረት ይነግርሃል። መከሰስ ለከሳሹም ዋጋ ነበረው።

አርታዒው፦ አውጫጭኝንም አትርሺ። በአውጫጭኝ ጊዜ ስሙ የማይነገር ምስክር ነበር፤ «ወፍ» ይሉታል። ስለዚህ ስም የለሽ ከሳሽን እኛም እናውቀዋለን። ልዩነቱ አውጫጭኝ የጠፋ ከብት ወይም የፈሰሰ ደም ፍለጋ ነው፤ የሚፈለገው ነገር ከሰው ውጭ ነው። መርማሪው የሚፈልገው ነገር ሰውየው ልብ ውስጥ ነው። እዚያ ደግሞ ፈልጎ ያጣ መርማሪ የለም።

ደራሲዋ፦ የንስሐ አባት ሥራ መሰለኝ።

አርታዒው፦ ትልቁ ነገር ይህ ነው። አንባቢሽ የንስሐ አባት ምን እንደሆነ ከልጅነቱ ያውቃል። የነገርሽው ነገር እዚያው ይቀራል፤ ቀኖናሽን ተቀብለሽ ትነሻለሽ። ኢንኩዊዚሲዮን የንስሐ አባትንና ዳኛን አንድ ሰው አድርጎ፣ ከጎኑ ጸሐፊ አስቀመጠለት። ያው ለስላሳ ድምፅ፣ ያው «ልጄ ሆይ»፣ ያው ዕንባ፤ ግን እያንዳንዱ ቃል ይመዘገባል። በምርመራው ሥቃይ ጊዜ እንኳ ጸሐፊው ጩኸቱን ሳይቀር ይጽፍ ነበር። በሥቃይ ውስጥ የተሰጠ ቃል ደግሞ ብቻውን አይበቃም፤ ሃያ አራት ሰዓት ቆይቶ፣ ከዚያ ክፍል ውጭ፣ ሰውየው በፈቃዱ እንደተናገረው አድርጎ እንዲያጸናው ይጠየቃል። ላለማጽናት ሥልጣን አለው። ካላጸና ወደዚያው ክፍል ሊመለስ እንደሚችል ግን ያውቃል።

ደራሲዋ፦ ኤድጋር አለን ፖ በ1842 በጻፈው አጭር ልብ ወለድ፣ ቶሌዶ ላይ የተፈረደበት ሰው የዳኞቹን ከንፈር ብቻ ነው የሚያየው። ማን እንደሆኑ አይነግረንም፤ ስምም የላቸውም። ጉድጓዱንና የሚወዛወዘውን ስለት ሁሉም ሰው ያስታውሳል፤ እኔን ግን ያስፈራኝ ያ ከንፈር ነበር።

አርታዒው፦ ጥሩ አየሽ። ማብቂያው ላይ ግን የፈረንሳይ ጦር ገብቶ ያድነዋል። ፖ ጥበቡን ሁሉ ያፈሰሰው ክፍሉ ላይ ነው፤ መውጫውን በአንድ አንቀጽ ጨረሰው። ኡምቤርቶ ኤኮን ተመልከቺ። «የጽጌረዳ ስም» በ1980 ሲታተም ውስጡ ያለው መርማሪ በርናርድ ጊ እውነተኛ ሰው ነው። ከ1307 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የቱሉዝ መርማሪ ነበር፤ ሌሎች መርማሪዎች የሚማሩበት የአሠራር መመሪያም ጽፏል። ኤኮ በ1327 ወደ አንድ ጣሊያናዊ ገዳም ያመጣዋል። እዚያ ሬሚጂዮ የሚባለው የገዳሙ መጋቢ ሲመረመር ማንም አይነካውም። ሥቃዩ እንደሚመጣ መስማት ብቻ በቃው፤ ያልሠራውን ግድያ ጭምር ሠራሁ ብሎ ተናዘዘ። ጊ አልጮኸም። ጥያቄ ጠየቀ፣ ዝም አለ፣ እንደገና ጠየቀ። ይህ ምዕራፍ ከብዙ የሰይፍ ፍልሚያ ይበልጣል።

ደራሲዋ፦ ፊልሙን አይቼዋለሁ። በ1986 የወጣው። ጊ መጨረሻ ላይ ሠረገላው ገደል ገብቶ ይሞታል፤ አብራ የተያዘችው የገበሬ ልጅም ትድናለች።

አርታዒው፦ መጽሐፉ ውስጥ ሁለቱም የሉም። ጊ እስረኞቹን ይዞ፣ ልጅቷን ጨምሮ፣ መንገዱን ይሄዳል። እውነተኛው ጊም ጳጳስ ሆኖ በ1331 ነው የሞተው። ፊልሙ ለተመልካቹ ያዘነለት መሰለው። እኔ ግን የከለከለው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ሠረገላው ሲወድቅ ሰው «እሰይ» ብሎ ተነሥቶ ይሄዳል። መርማሪው ሞተ፤ ወንበሩስ? በማግሥቱ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል። ያንቺም ረቂቅ ላይ የመጨረሻው ምዕራፍ ሠረገላ ነው።

ደራሲዋ፦ የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ጸጋ ዘአብን ከእስር የሚያስመልጠው ወጣት መርከበኛ መርማሪውን በሰይፍ ይወጋዋል። ጋሼ፣ ይህን እንዳወጣው ከጠየቁኝ የጀብድ ልብ ወለድ መጻፌን ይከለክሉኛል ማለት ነው። ሰይፍ የማይፈታው ነገር ያለበት የጀብድ መጽሐፍ ማን ያነባል?

አርታዒው፦ ስፔናውያን በብዛት አነበቡት። አርቱሮ ፔሬዝ-ሬቬርቴ በ1996 «ካፒቴን አላትሪስቴ»ን ጀመረ። ዘመኑ 1623፣ ቦታው ማድሪድ። ፍራይ ኤሚልዮ ቦካኔግራ የሚባል ዶሚኒካዊ መርማሪ አለበት፤ እውነቱን ለመናገር ፊቱ ከአንቺው መርማሪ ብዙም አይርቅም። አላትሪስቴን የቀጠሩት ጭምብል ያደረጉ ሰዎች ሁለት እንግሊዛውያንን እንዲያጠቃ፣ ግን እንዳይገድላቸው ያዙታል፤ ቀጥሎ ቦካኔግራ ገብቶ ይገደሉ ይላል። መናፍቃን ስለሆኑ። ገንዘብና ፖለቲካ ወደኋላ ሲሉ እምነት ወደፊት ይላል፤ ያ ጥሩ ነው። ይበልጥ የሚያስተምረው ግን በ1997 የወጣው ሁለተኛው መጽሐፍ ነው። የአላትሪስቴ ልጅ እግር ተከታይ ኢንይጎ በኢንኩዊዚሲዮን እጅ ይወድቃል። በስፔን የተፈራው ጎራዴኛ አላትሪስቴ ምንም ሊያደርግለት አይችልም። ልጁን የሚያተርፈው ገጣሚው ኬቬዶ የሚያመጣው ወረቀት ነው፤ የልጁ ከሳሽ የሆነው የንጉሡ ጸሐፊ የራሱ የዘር ሐረግ በዚያ ዘመን ዓይን «ንጹሕ» እንዳልሆነ የሚያሳይ ወረቀት።

ደራሲዋ፦ ወረቀትን በወረቀት።

አርታዒው፦ መፍትሔው ግን ያስደነግጣል። ልጁ የዳነው ሰውን በዘሩ የሚለየው የደም ንጽሕና ሕግ ስሕተት ነው ተብሎ አይደለም፤ ሕጉን በሌላው ላይ ለመምዘዝ በማስፈራራት ነው። ወንበሩ እንደቆመ ቀረ። አንባቢ ደስ ብሎት ግን ልቡ ሳያርፍ መጽሐፉን ይዘጋል።

ደራሲዋ፦ አንድ ነገር ልቃወም። አሁን የሚሉት ነገር ወደ አንድ ዓይነት መርማሪ ይወስደኛል፤ ጨዋ፣ የተማረ፣ ነፍስ ወዳድ። ይህም ሌላ ወጥመድ ነው። አንባቢ ሊወደው ይችላል። ዶስቶየቭስኪ በ1879 ያሳተመው ታላቁ መርማሪ ክርስቶስን ራሱን ሴቪያ ላይ አስሮ ሲናገር፣ ንግግሩ እጅግ ስለሚያምር የሱን ሐሳብ ብቻ ይዘው የቀሩ ሰዎች አጋጥመውኛል። ያ እስረኛ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ስለዚህ ረሱት። እኔ ጸጋ ዘአብን ዝም አላሰኝም።

አርታዒው፦ በዚህ እስማማለሁ፤ አጥብቀሽ ያዢው። ጨዋነቱን ስትጽፊ ዋጋውን ሌላ ሰው ሲከፍል ማሳየት አለብሽ። ደግሞም ሁሉም መርማሪ አንድ ዓይነት አልነበረም፤ ይህም ለደራሲ ሀብት ነው። አሎንሶ ደ ሳላዛር ፍሪያስን ታውቂዋለሽ?

ደራሲዋ፦ የባስኮቹን ጠንቋዮች ጉዳይ የመረመረው?

አርታዒው፦ እሱ። ኅዳር 1610 ሎግሮኞ ላይ በጥንቆላ ከተፈረደባቸው ስድስት ሰዎች በሕይወት ተቃጠሉ፤ በእስር ሳሉ የሞቱ አምስት ሰዎች ምስል ደግሞ ከእነሱ ጋር ተቃጠለ። ሳላዛር ከሦስቱ መርማሪዎች የመጨረሻው ታናሽ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የምሕረት ዓዋጅ ይዞ በየተራራው ዞረ። 1,802 ሰዎች መጥተው ቃላቸውን ሰጡ፤ ከእነዚህ 1,384ቱ ልጆች ነበሩ። ሳላዛር ያዳመጠውን አመሳከረ። ጠንቋዮቹ ተሰበሰቡ በተባለበት ቦታ እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ወስዶ ጠየቃቸው፤ ቃላቸው አልገጠመም። አስማት ነው የተባለውን ቅባት አስመረመረው፤ ምንም የለበትም። በመጨረሻ ለበላዮቹ የጻፈው ሐሳብ፣ ስለ ጠንቋይ መወራትና መጻፍ እስኪጀመር ድረስ በዚያ አገር ጠንቋይም የተጠነቆለበትም አልነበረም የሚል ነው። በ1614 የበላይ ምክር ቤቱ መመሪያውን በሱ መንገድ አሻሻለው። በዚያው ዘመን በጀርመን አገሮች በጥንቆላ ስም የሚቃጠለው ሰው ብዙ ነበር።

ደራሲዋ፦ ሳላዛር ጀግና ነው ማለት ነው?

አርታዒው፦ በሎግሮኞው ፍርድ ወረቀት ላይ የሱም ስም አለበት። ጥሩ ሰው ነበር፤ ወንበሩ ላይም ተቀምጦ ነበር። ሁለቱንም ያዢ።

ደራሲዋ፦ ወደ ጸጋ ዘአብ እንመለስ። መርማሪዬ ምን ይጠይቀዋል? ለዚህ ነው ደስታ የሰጠሁት መሰለኝ፤ ጥያቄውን ስላላገኘሁት።

አርታዒው፦ ጥያቄው ተዘጋጅቶ ይጠብቅሻል። በየቤተ ክርስቲያኑ የሚነበበው የእምነት ዓዋጅ ሕዝቡ ምን አይቶ መጠቆም እንዳለበት ይዘረዝር ነበር። ቅዳሜ ንጹሕ ልብስ የሚለብስ፣ ቅዳሜ ሥራ የማይሠራ፣ የአሳማ ሥጋ የማይበላ፣ ወንድ ልጁን የሚገርዝ።

ደራሲዋ፦ አያቴን እየገለጹልኝ ነው።

አርታዒው፦ የሁላችንንም አያት። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ቅዳሜንም እሑድንም ሰንበት አድርገው ካጸኑ ወዲህ፣ ለኢትዮጵያዊ ክርስቲያን እነዚህ ነገሮች ክርስትናው ናቸው። ሊዝበን ላይ ግን አይሁዳዊነትን በምሥጢር የመያዝ ማስረጃ ናቸው። ጸጋ ዘአብ በ1527 እዚያ ሲደርስ የንጉሥ መልእክተኛ፣ አውሮፓውያን በአፈ ታሪክ የሚያውቁት የክርስቲያን ንጉሥ የቄስ ዮሐንስ አገር ሰው ተብሎ በክብር ነው የተቀበሉት። ቀጥሎ ዲዮጎ ኦርቲዝና ፔድሮ ማርጋልዮ የተባሉ ሊቃውንት ስለ ሃይማኖቱ ይከራከሩት ጀመር። ሥጋ ወደሙን ከለከሉት። ቄስ ነው፤ መስቀል በእጁ ነው፤ ለዓመታት እንደተወገዘ ሰው ከቁርባን ተለይቶ ኖረ። ይህ ሁሉ ገና ኢንኩዊዚሲዮን ሳይቋቋም ነው። ስለዚህ ታሪክሽን የ1536 መቋቋም ይቆርጠዋል፤ የመርማሪሽን መግቢያ እዚያ ላይ አድርጊው። ጸጋ ዘአብ እስከ 1539 ሊዝበን ነበር።

ደራሲዋ፦ ሦስት ዓመት አለኝ። ጸጋ ዘአብ እኮ ዝም አላለም። በ1534 የእምነቱን መግለጫ ጽፎ ለፖርቱጋላዊው ሊቅ ለዳሚያኦ ደ ጎይሽ ሰጠው። ግዝረቱን፣ ሰንበቱን፣ ጾሙን አንድ በአንድ አስረዳ፤ ክርስቲያን ክርስቲያንን በምግብና በጾም ልዩነት እንዳያዋርድ ለመነ። ጎይሽ በላቲን በ1540 ሉቫን ላይ አሳተመው።

አርታዒው፦ በ1541 ደግሞ በኋላ ካርዲናል የሆኑት ኤንሪክ፣ የንጉሡ ወንድምና የፖርቱጋል ዋና መርማሪ፣ መጽሐፉ በፖርቱጋል እንዳይሸጥ ከለከሉ። ለጎይሽ በደብዳቤ አስታወቁት፤ በአክብሮት ነው የጻፉለት። ምክንያቱን አስቢው፦ በ1497 በግድ የተጠመቁት አይሁድ ልጆች ይህን መጽሐፍ ቢያነቡ፣ ቅዳሜን የሚያከብርና ልጁን የሚገርዝ የክርስቲያን ንጉሥ በዓለም ላይ አለ ይላሉ። አንድ ኢትዮጵያዊ ቄስ ስለ አያቶቹ ሥርዓት የጻፈው ነገር የመላ ምርመራውን መሠረት ያናጋል። መርማሪሽ ጸጋ ዘአብን ሊፈራው ይገባል። ለራሱም ቢሆን ሊያምነው ሊዳዳው ይገባል። የሁለቱን ትዕይንት እዚያ ላይ ጻፊው፤ ያለ ሰይፍ፣ ጸሐፊው ከጎን እየጻፈ።

ደራሲዋ፦ አንድ የሚያስቸግረኝ ነገር አለ። ይህን ስጽፍ የአገሬ አንባቢ «ይህ የፈረንጅ ክፋት ነው፣ እኛ ንጹሕ ነን» ብሎ እንዲያርፍ አልፈልግም። ሁለቱን ሰንበት ያጸኑት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ራሳቸው የደቂቀ እስጢፋኖስን መነኮሳት ምን እንዳደረጓቸው ገድላቸው ይነግረናል። ለንጉሡ አንሰግድም፣ ለሥዕልና ለመስቀል አንሰግድም ስላሉ ተገረፉ፣ አካላቸው ተቆረጠ፣ ተሰደዱ፣ ተገደሉ።

አርታዒው፦ አስገቢው። ጸጋ ዘአብ ያን ታሪክ የሚያውቅ ሰው አድርገሽ ሣይው፤ ሊዝበን ላይ በሌላ ሲጠየቅ አገሩ ውስጥ የተጠየቁትን ያስባቸው። አታመሳስይው ግን። ያ የንጉሡ ቁጣና የንጉሡ አደባባይ ነበር፤ ንጉሡ ሲያልፍ ነፋሱ ይለወጣል። ሊዝበን ላይ የተቋቋመው መሥሪያ ቤት ነው፤ ደመወዝ፣ ማኅተም፣ መዝገብ፣ ተተኪ ያለው።

ደራሲዋ፦ እንግዲህ ማንን ይውጋ መርከበኛዬ? አንባቢ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል።

አርታዒው፦ ይዋጋ። ወደብ ላይ ይዋጋ፣ ከመርማሪው ወታደሮች ጋር ይዋጋ፣ ጸጋ ዘአብን መርከብ ላይ ያሳፍረው። የጀብዱን ደስታ አልነፍግሽም። ነገር ግን መርማሪው በሕይወት ይኑር። ማምሻውን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አንድ ስም ይጻፍ፦ ዳሚያኦ ደ ጎይሽ።

ደራሲዋ፦ የጎይሽን መጨረሻ በደንብ አላወቅኩትም።

አርታዒው፦ በ1545 ሲሞን ሮድሪጌሽ የሚባል ኢየሱሳዊ ከሰሰው። ሁለቱ ፓዱዋ ላይ፣ ክሱ ከመቅረቡ ዘጠኝ ዓመት ያህል አስቀድሞ፣ ስለ ሃይማኖት የተነጋገሩ ሰዎች ናቸው። ጎይሽ በወጣትነቱ ሉተርንና ሜላንክቶንን ማግኘቱ፣ ኤራስመስ ቤት መቀመጡ ተቆጠረበት። ክሱ ተመዝግቦ ተቀመጠ። በ1550 ተደገመ፤ አሁንም ተቀመጠ። ጎይሽ በዚያ መካከል የንጉሡን ቤተ መዛግብት ጠባቂነት ተሾመ፣ የንጉሥ ማኑኤልን ዜና መዋዕል ጻፈ፣ ሸመገለ። በ1571፣ ወደ ሰባ ሲጠጋ፣ ያ ወረቀት ከተቀመጠበት ወጣና ታሰረ። በጾም ቀን ሥጋ በልቷል የሚል ምስክርነትም ተጨመረበት። ዕድሜ ልኩን ተፈረደበት፣ ንብረቱ ተወረሰ፣ ወደ ባታልያ ገዳም ተላከ። በ1574 ሞተ።

ደራሲዋ፦ ሃያ ስድስት ዓመት የጠበቀ ወረቀት። የጸጋ ዘአብ ሰይፈኛ ያን ጊዜ የት ነው? ሞቷል። ጸጋ ዘአብም አገሩን ሳያይ በመንገድ ሞቷል።

አርታዒው፦ ስለዚህ የመጨረሻው ምዕራፍሽ በ1571 ይሁን። ሰይፍ የሚመዝዝ የለም። አዲስ መርማሪ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ቀዳሚው የጻፈውን እያነበበ፣ ሽማግሌውን «ለምን እንደመጣህ ታውቃለህ?» ይለዋል።

ደራሲዋ፦ እጽፈዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን የጎይሽን ቃል ራሱ የሰጠውን ማየት እፈልጋለሁ። መዝገቡ ተርፏል?

አርታዒው፦ ተርፏል፤ በመጽሐፍም ታትሟል። ዋናው ሊዝበን ውስጥ በቶሬ ዶ ቶምቦ ይገኛል፤ ጎይሽ ከ1548 ጀምሮ ዋና ጠባቂ የነበረው የዚያው ቤተ መዛግብት ነው። ፖርቱጋልኛ የሚያነብልሽ ሰው እኔ እፈልጋለሁ፤ አንቺ የጥያቄና መልሱን ገጾች ሳታነቢ መርማሪሽን እንደገና አትጻፊው።